የቤት ባለቤት ስለ ቀለም እርሳስ ያለበት የሕግ ኀላፊነት

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ «እርሳስ» የተባለ እንደ ሆነ ሽማግሌው ጥይትን፥ ተማሪው መጻፊያውን ያስባል። በዚህ ጽሑፍ የምንናገርለት የሽማግሌው እርሳስ ነው፤ ይኸውም ከባዱና በእሳት ቶሎ የሚቀልጠው ግራጫ ማዕድን ነው። ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በጋፋት ሲቀልጥ ላየ አገር ስለ ማዕድን መቅለጥ ብዙ መንገር አያስፈልግም። የተማሪው መጻፊያ ስሙን ብቻ ወረሰ እንጂ፥ በውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የተባለ የከሰል ወገን ነው። እውነተኛው እርሳስ ግን ለጥይት ብቻ ሲያገለግል አልኖረም፤ ከቤት ቀለም ጋር እየተቀላቀለ ብዙ ዘመን ስለ ተሸጠ፥ ዛሬም በበርና በመስኮት፥ በአጥር በርና በግድግዳ ላይ ደርቆ ይገኛል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ይህ ቀለም በተላጠ ጊዜ በሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፥ ይልቁንም ጉዳቱን አስቀድሞ የመከልከል ግዴታ በሕግ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

እርሳስ ወደ ቀለም የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጩ የእርሳስ ውሑድ ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ነገር አጥብቆ እንዲሸፍን ያደርጋል፤ ቢጫው ለዐይን ደማቅ ነው፤ ቀዩ ብረት እንዳይዝግ ይከላከላል፤ ሌላውም የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ያግዛል። ስለዚህ አብዝተው የሚጠረጠሩት የዘይት ቀለሞችና በላሜራ በር ላይ በመጀመሪያ የሚቀባው አንቲረስት ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ቢጫው፥ ብርቱካኑና ቀዩ ከሌሎቹ ይበልጥ ያሠጋሉ። የውሃ ቀለም የሚባለው በዚህ በኩል ያለው ሥጋት አነስተኛ ነው። አያቶቻችን ግድግዳ ሲለቀልቁበት የኖሩት ጭቃና ነጭ አፈርማ በዚህ ነገር አይከሰሱም፤ ችግሩ ቤታችን ሲዘምን አብሮ የመጣ ነው።

ቀለሙ ከተቀባበት ሳይነሣ ጸንቶ የቆየ እንደ ሆነ ጉዳቱ ጥቂት ነው። የሚያሠጋው ሲሰነጠቅ፥ ሲላጥ፥ ሲፋቅና ሲቃጠል ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፥ የጉና ብርድ የማይለያት ከተማ ናት። ቀን ፀሐዩ ላሜራውን ያግለዋል፥ ሌሊት ብርዱ ያኮማትረዋል፤ ክረምት በገባም ጊዜ እርጥበቱ በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ከመሠረቱ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሣ ይወድቃል። በብዙ ቤት ደግሞ የግድግዳው ታችኛ ክፍል እንዳይቆሽሽ ተብሎ በዘይት ቀለም፥ ላይኛው በውሃ ቀለም ይቀባል። አስተውሎ ለተመለከተ ሰው ያ የዘይት ቀለም የተቀባበት ከፍታ ልክ የሕፃን ቁመት ነው።

ብዙ ሰው ልጁ የቀለም ቅራፊ አንሥቶ ካልበላ በቀር የሚጎዳ አይመስለውም። ነገር ግን የበለጠው ጉዳት የሚመጣው ከዐይን ከተሰወረው ትቢያ ነው። በርና መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጠርዙ እየተፋቀ ዱቄት ያወርዳል፤ ዱቄቱ በወለሉ ላይ ያርፋል፤ የሚድኸው ሕፃን እጁን በወለሉ ላይ ያሳርፋል፥ ከዚያም ያንኑ እጅ አፉ ውስጥ ያገባዋል። ከዚህም በቀር ግድግዳ እየቧጠጡ አፈር የሚበሉ ልጆች መኖራቸውን የማያውቅ እናት የለችም፤ አንዳንድ ነፍሰ ጡሮችም አፈር ያምራቸዋል። ሕፃን የዋጠውን እርሳስ ከዐዋቂ ይልቅ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ አብልጦ ወደ ደሙ እንደሚያስገባ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በምግቡ ብረትና ካልሲየም የጎደለው ልጅ ከሆነማ ሰውነቱ እርሳሱን የባሰ ይቀበለዋል፤ ስለዚህ አንድ ዐይነት ቀለም ባለበት ቤት ጉዳቱ በድኻው ልጅ ላይ ይከብዳል።

እርሳስ በሰውነት ውስጥ ካልሲየምን ይመስላል። ሰውነትም ተታልሎ ወደ አጥንትና ወደ ጥርስ ያገባዋል፤ በዚያም ብዙ ዓመት ተከማችቶ ይቆያል። በእርግዝና ጊዜም ከእናቲቱ አጥንት ተነሥቶ ወደ ጽንሱ ሊተላለፍ ይችላል። በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ስለሚጎዳ የማስተዋልንና የመማርን ችሎታ ይቀንሳል፥ ጠባይንም ያውካል፤ በአንጎል ላይ የደረሰውን ይህን ጉዳት የሚመልስ መድኀኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን በደም ውስጥ እንደሌለ ያስታውቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መመሪያም በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው፥ የእርሳሱ ምንጭ ተፈልጎ እንዲወገድለት ይመክራል።

ምልክቱ ግልጥ አለመሆኑ ነገሩን ያከፋዋል። የሆድ ቁርጠት፥ ድርቀት፥ የደም ማነስና መነጫነጭ ከሌላ በሽታ ጋር ይመሳሰላሉ። እናት ይህን ባየች ጊዜ «ወስፋት ነው» ብላ መድኀኒቱን ትሰጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቷን ነው። ይሁን እንጂ መድኀኒቱን ወስዶ ያልተሻለው ልጅ ባለበት ቤት በሩንና መስኮቱን መመልከት ይገባል። በደም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚለካው ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ስላልሆነ፥ ሐኪም ምክንያቱን ሳያገኘው ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ «ሰነፍ» እየተባለ በልምጭ ሊገረፍ ይችላል። ጥፋቱ የግድግዳው ሆኖ ቅጣቱ የልጁ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። በአውስትራሊያ፥ በብሪስቤን ከተማ የዐይን ሐኪም የነበረው ሎክሃርት ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ጽሑፍ፥ የኵዊንስላንድን ሕፃናት የሚመርዘው በቤታቸው በረንዳ አጥርና በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ያለው ቀለም መሆኑን አስረዳ። የኵዊንስላንድ መንግሥት ግን ሕፃናት በሚደርሱበት የቤት ክፍል የእርሳስ ቀለም እንዳይቀባ በሕግ የከለከለው በ1922 ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1921 ነጭ እርሳስ ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል የሚገድብ ስምምነት አውጥቶ ነበር፤ ያም የታሰበው ይልቁንም ለቀለም ቀቢዎች ነበር። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውለውን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው በ1978 ስለ ሆነ፥ ከሐኪሙ ጽሑፍ እስከዚህ ክልከላ ድረስ 74 ዓመት አለፈ።

ቀለም እንዳይሸጥ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ አስቀድሞ የተቀባው ግን ሕግ ስለ ወጣ ከግድግዳ አይወርድም። ስለዚህ አሜሪካኖች ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቁ፤ ይኸውም የቤቱ ባለቤት ምን ሊገደድ ይገባል የሚል ነው። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በ1971 ባወጣው ሕግ መሠረት፥ ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚኖርበት አሮጌ ቤት ባለቤት ቤቱን ከእርሳስ ቀለም አደጋ የማጽዳት ግዴታ አለበት፤ ሳያጸዳ ቀርቶ ልጁ ቢታመም በካሣ ይጠየቃል። የአገሪቱ ጠቅላላ መንግሥት በ1992 ያወጣው ሕግ ግን የለዘበ ነው። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳስ ቀለሙ የሚያውቀውን እንዲናገርና የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲሰጥ እንጂ፥ ቀለሙን እንዲያነሣ አያስገድደውም። ከመካከላችን በውጭ አገር የተማርነው ተከራዮች ይህን ወረቀት ሳያነቡ ሲፈርሙበት አይተናል። ወረቀት ሰጥቶ ከኀላፊነት መውጣት ለባለቤቱ ይቀለዋል፤ ለሕፃኑ ግን ትቢያው ያው ትቢያ ነው።

በሀገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429፥ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም ማለት በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም የበለጠ እርሳስ መገኘት የለበትም ማለት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ፓን-ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር በገበያ የሚሸጡ የዘይት ቀለሞችን አስመርምሮ፥ ብዙዎቹ ከዚህ ልክ እጅግ ያለፈ እርሳስ የያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ደንቡ ታላቅ ሥራ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን የሚይዘው ቀለም የሚሠራውን፥ የሚያስመጣውንና የሚሸጠውን ነው፤ ከደንቡ በፊት ተቀብቶ ዛሬ የሚላጠው በር ከደንቡ ውጭ ይቀራል። እንደ ማሳቹሴትሱ የእርሳስ ቀለምን በስም ጠርቶ አከራይን የሚያዝዝ ልዩ ሕግም አልወጣም።

ሆኖም ባለቤቱ ከተጠያቂነት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ጥብቅ ነው። በቁጥር 2077 እንደ ተደነገገው፥ የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት፥ ጉዳቱ ባልታሰበ ድንገተኛ ነገር የመጣ ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊ ነው። እዚህ ላይ «እኔ አላጠፋሁም» ማለት አያድንም። ባለቤቱ ከካሰ በኋላ ጥፋቱ የሌላ ሰው መሆኑን ካስረዳ፥ ለምሳሌ ያህል የሠሪው ወይም በቤቱ የተቀመጠው ሰው ከሆነ፥ የከፈለውን ከዚያ ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ አምራች ደግሞ ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ላደረሰው ጉዳት በቁጥር 2085 ይጠየቃል።

ሕግ ዐዋቂዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ያነሣሉ። በአከራይና በተከራይ መካከል ውል ስላለ፥ በሁለቱ ዘንድ የሚቀድመው የኪራይ ውል ሕግ ነው ይላሉ። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለአከራዩ መሸሻ አይሆነውም። በኪራይ ሕጉም አከራይ ቤቱን ለተከራዩበት አገልግሎት በሚስማማ ሁኔታ ማስረከብና በዚያው ሁኔታ መጠበቅ አለበት። መርዛም ቀለም የሚላጥበት ክፍል ለመኖሪያ የሚስማማ ነው ብሎ የሚከራከር አከራይ ክርክሩ ቀላል አይሆንለትም። ሕፃኑ ደግሞ ውል አልፈረመም። አጥሩን ተደግፎ የሚጫወተው የጎረቤት ልጅም አልፈረመም። ስለ እነርሱ በቁጥር 2077 መጠየቅ ይቻላል የሚል አስተያየት አለን፤ በየነገሩ የሚፈርደው ግን ዳኛው ነው።

ይሁን እንጂ ካሣ ፍለጋ መንገዱ ረጅም ነው። ከሳሹ እርሳሱ የመጣው ከዚያ ግድግዳ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ እርሳስ ግን ከአሮጌ ባትሪም፥ ከአንዳንድ ኩልም ሊመጣ ይችላል። በቁጥር 2143 መሠረትም የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህ ደግሞ ምልክት ሳያሳይ የሚሠራ መርዝ ነው፥ ሁለቱ ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ለጤና ሥራ የሚጠቅመን ጥቂት ሰው የሚያነበው ቁጥር 2079 ነው። በሌላ ሰው ሕንጻ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ የሚሠጋ ሰው፥ ባለቤቱ አደጋውን ለማስወገድ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንዲያደርግ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ አንቀጽ ሕመምተኛ አይፈልግም። የሐኪም ወረቀትና የደም ምርመራ ሳይጠበቅ፥ የተላጠው በርና በአጠገቡ የሚድኸው ሕፃን ለጥያቄው መነሻ ይሆናሉ። ክትባት ከበሽታ በፊት እንደሚሰጥ ሁሉ ይህም ከጉዳት በፊት የሚሠራ ሕግ ነው።

«ባለቤት» የተባለውስ ማን ነው? በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፥ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች በቀበሌ ሥር እንዲተዳደሩ ሆነ። ስለዚህ በየከተማው ከሚገኙት አሮጌ የኪራይ ቤቶች ብዙዎቹ በግለሰብ እጅ አይደሉም። በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ኪራዩ ጥቂት ስለ ሆነ «አድሱልኝ» ለማለት ያፍራል፤ ወይ በሩን በራሱ ገንዘብ ይቀባል፥ ወይ እንዳለ ይተወዋል። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ሕጉ «የሕንጻ ባለቤት» ሲል ግን የመንግሥትን ቤት ለይቶ አላወጣም። ሕፃናት የሚውሉባቸው የመዋዕለ ሕፃናትና የትምህርት ቤት ክፍሎችም በዚሁ ዐይን መታየት አለባቸው።

የግል አከራዮችን በተመለከተ፥ በደብረ ታቦር ቤት የሚያከራይ ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። በጊቢያቸው ካሉት ሁለት ክፍሎች በሚያገኙት ኪራይ የሚተዳደሩ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ተከራዮቹም ከገጠር ስንቃቸውን ይዘው መጥተው አንድ ክፍል ለሦስት የሚይዙ ተማሪዎች፥ መምህራንና አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። እኒህ አረጋዊ ይህን ጽሑፍ ሲሰሙ «በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስነሥቼ በምን ልተካው ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። የሚጠየቁት ግን ያን ያህል አይደለም። ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለችበት ክፍል ይጀምሩ፤ ተማሪዎቹ ያሉበት ክፍል ሊቆይ ይችላል። በዚያም ክፍል ውስጥ አስቀድሞ የሚታየው በሩና መስኮቱ ሲከፈት የሚፋተግበት ጠርዝ፥ ቀጥሎም የግድግዳው ታችኛ ክፍል ነው። የተነሣው ቀለም ከተወገደ በኋላ ቦታው እርሳስ በሌለው ቀለም በደንብ ከተሸፈነና ሳይላጥ መቆየቱ በየጊዜው ከታየ፥ ትልቁ ሥጋት ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ከመላጡ ይልቅ እድሳቱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣልና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየቤቱ እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲቀርብ ቀለም ቀቢ ይጠራል፤ እርሱም አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ይፍቃል፤ ልጆች በዙሪያው ቆመው ያያሉ፤ ቤቱ በትቢያ ይሞላል፤ ከዚያም እናት በደረቅ መጥረጊያ ትጠርገዋለች። ከዓመት እስከ ዓመት ቀስ በቀስ ይወርድ የነበረው ዱቄት በዚያ አንድ ቀን ይወርዳል ማለት ነው። ቀለሙ ሊፋቅ የሚገባው በውሃ እየራሰ ነው። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሥራው አልቆ ወለሉ በሳሙናና በውሃ እስኪታጠብ ድረስ ወደ ክፍሉ አይግቡ፤ ዕቃውም አስቀድሞ ይውጣ ወይም በላስቲክ ይሸፈን። ቀቢው አፍንጫውንና አፉን በሚገባ ይሸፍን፥ እጁን ሳይታጠብ አይብላ፥ የሥራ ልብሱንም ለብሶ ወደ ልጆቹ አይሂድ። የተፋቀው ነገር በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከጊቢው ይውጣ እንጂ በጓሮ አይበተን፤ ዶሮዎች በዚያ እየጫሩ ሲለቅሙ እርሳሱ ወደ እንቁላላቸው ይገባል። ቀለም የተቀባ አሮጌ የበር እንጨትም ለእንጀራ መጋገሪያ አይንደድ። ብርድ ባለበት አገር እንጨት መጣል እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ነገር ግን ጭሱ ከእርሳሱ ጋር በማድ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፥ አመዱም እንዲሁ።

በመጨረሻ ስለ ውሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዝዛል። አዋጁ ስለ ቀለም የወጣ አይደለም፤ ወረቀቱ ከተጻፈ ግን በውስጡ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር የሚከለክል የለም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «አከራይና ተከራይ የበሩን፥ የመስኮቱንና የግድግዳውን ቀለም አብረን አይተን ያልተላጠ መሆኑን አረጋግጠናል፤ ወደ ፊት ቢላጥና ተከራይ ቢያስታውቅ አከራይ በ30 ቀን ውስጥ ያሳድሳል፤ ሥራው እስኪያልቅ ሕፃናት የሚያርፉበትን ቦታ ሁለታችን ተነጋግረን እንወስናለን።» እንዲህ ያለው ቃል አከራዩንም ይጠቅመዋል፤ ቤቱን ሲያስረክብ በምን ሁኔታ እንደ ነበረ ማስረጃ ይሆነዋል፥ ሳይነገረው በቀረ ነገርም በቀላሉ አይወቀስም።

ተከራዩ የተላጠ ቀለም ሲያይ በመጀመሪያ ለባለቤቱ በአክብሮት ይንገር፤ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጎ ቅጂውን ያስቀር። ከዚያ በኋላ ለቀበሌው አስተዳደርና በአቅራቢያው ላለው የጤና ጽሕፈት ቤት ሊያመለክት፥ አስፈላጊም ሲሆን ቁጥር 2079ን ጠቅሶ ለፍርድ ቤት ሊያቀርብ ይችላል። በማመልከቻው ላይ በቤቱ የሚኖሩት ሕፃናት ዕድሜ፥ ቀለሙ የተላጠበት ቦታና ለባለቤቱ የተነገረበት ቀን ተለይተው ቢጻፉ ለመርማሪው ሥራውን ያቃልሉለታል።